ለቢስክሌትም ለእግር ጉዞም የሚስማማ ጫማ ስለ መምረጥ

ነጋዴ ዕቃ ከማስመጣቱ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን አጣርቶ ማወቅ ይገባዋል። አንደኛው ዕቃው የተሠራበት ምክንያት ነው፤ ሁለተኛው ገዥው ዕቃውን የሚያውልበት ሥራ ነው። ሁለቱ ሲስማሙ ዕቃው ቶሎ ይሸጣል፤ ገዥውም ደስ ብሎት ተመልሶ ይመጣል። ሳይስማሙ ሲቀሩ ግን ዕቃው ምንም ያህል ውድና ስሙ የታወቀ ቢሆን ከመደርደሪያ ላይ አይወርድም፤ ቢሸጥም በቅሬታ ይመለሳል። ለተራራ ቢስክሌት ተብሎ የሚሠራው ጫማ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

አንድ ባለሱቅ ከውጭ አገር የመጣለትን የዕቃ ማውጫ ተመልክቶ፣ ከሁሉ ይልቅ የቀለለውንና ዋጋው ከፍ ያለውን የቢስክሌት ጫማ መርጦ 40 ጥንድ አስመጣ ይባል። ጫማው ለእሽቅድምድም የተሠራ ነው፤ ሶሉም እንደ ሳንቃ የደረቀ ነው። ወደ ሱቁ የሚመጣው ገዥ ግን ተወዳዳሪ አይደለም። በዕረፍት ቀኑ ወደ ተራራ የሚወጣ፣ ዳገቱ ሲጸናበት ወርዶ ቢስክሌቱን የሚገፋ፣ ወንዝ ሲያጋጥመው ተሸክሞት የሚሻገር ሰው ነው። ይህ ሰው በእርጥብ ድንጋይ ላይ አዳልጦት ቢወድቅ፣ ሕመሙ የራሱ ቢሆንም በየደረሰበት የሚያነሣው የባለሱቁን ስም ነው። በብዙ ድካም የተገኘውም የውጭ ምንዛሪ በመጋዘን ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ የጫማውን ጠባይ ማወቅ ለገዥው ደኅንነትም ለነጋዴው ገንዘብም የሚጠቅም ነገር ነው።

የጫማው አመጣጥ

የተራራ ቢስክሌት በዛሬው መልኩ የታወቀው በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በማሪን አውራጃ ነው። በ1970ዎቹ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዚያ አገር ወጣቶች አሮጌና ከባድ ቢስክሌቶችን እየጠገኑ ከተራራ ቁልቁል መውረድ ጀመሩ፤ በ1976ም ሪፓክ በሚባለው መንገድ ላይ ውድድር አደረጉ። ስፖርቱ እየሰፋ ሄዶ በ1996 በአትላንታ በተደረገው ኦሎምፒክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። በዚያ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለዚህ ጨዋታ የተለየ ጫማ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ በተራ የሸራ ጫማ ወይም በተራራ መውጫ ቦት ይነዳ ነበር።

በመንገድ ውድድር በኩል ግን የጫማው ነገር አስቀድሞ መሻሻል ጀምሮ ነበር። በ1984 ሉክ የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ፣ የበረዶ ሸርተቴ ቦት ከሸርተቴው ጋር የሚያያዝበትን ብልሃት ወደ ቢስክሌት አምጥቶ፣ ጫማን ይዞ የሚያስቀር ፔዳል ለገበያ አቀረበ። በርናር ኢኖ በ1985 የፈረንሳይን ዙር ውድድር በዚህ ፔዳል ካሸነፈ በኋላ አሠራሩ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ይሁን እንጂ ከጫማው በታች የሚታሰረው ማያያዣ ትልቅና ወደ ውጭ የወጣ ስለ ነበረ፣ የተጫማው ሰው በመሬት ላይ ሲራመድ ጣቶቹ ወደ ላይ ተነሥተው በተረከዙ ይንገዳገድ ነበር። በአስፋልት ላይ የሚነዳ ሰው ይህን ሊታገሠው ይችላል፤ በተራራ ላይ ግን አይሆንም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ያገኘው ሺማኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። በ1990 ባወጣው ሥራ ማያያዣውን አሳንሶ ከብረት ሠራው፤ በሁለት ቡሎን ብቻ እንዲታሰርም አደረገ። ከሁሉ በላይ ግን ማያያዣው በሶሉ ውስጥ በተቆፈረ ጎድጓዳ ስፍራ እንዲቀመጥ ስላደረገ፣ ተራማጁ መሬቱን የሚረግጠው በብረቱ ሳይሆን በጎማው ሆነ። ዛሬ ለተራራ ተብሎ የሚሠራው የማያያዣ ጫማ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን የሁለት ቡሎን አሠራር የተከተለ ነው።

ሁለት ዓይነት ፔዳል፣ ሁለት ዓይነት ጫማ

እንግዲህ ባለሱቁ ገዥውን አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ «ፔዳልህ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ሁለት ዓይነት አለና።

አንደኛው ጫማውን በማያያዣ ብረት የሚይዘው ፔዳል ነው። ነጂው ለመውረድ ሲፈልግ ተረከዙን ወደ ውጭ ያዞራል፤ ያን ጊዜ ይለቀቃል። ለዚህ የሚስማማው ከሶሉ በታች ሁለት ቡሎን የሚገባበት ጫማ ነው። ሦስት ቀዳዳ ያለው ጫማ ግን የመንገድ ውድድር ጫማ ስለ ሆነ ለተራራ የሚፈልግ ሰው ሊሸጥለት አይገባም።

ሁለተኛው ጠፍጣፋው ፔዳል ነው። በላዩ ላይ የተተከሉት ጥቃቅን ብረቶች የጫማውን ጎማ ነክሰው ይይዛሉ፤ እግሩ ግን በፈለገው ጊዜ ይነሣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ለስላሳና የሚይዝ ጎማ ያለው፣ ሶሉም ሰፋ ያለና ጠፍጣፋ የሆነ ጫማ ነው። ለዚህ ዓይነት ጫማ ስሙ በይበልጥ የሚነሣው ፋይቭ ቴን ነው፤ ኩባንያው በ1985 የገደል መውጫ ጫማ በመሥራት የተጀመረ ሲሆን፣ በኋላ የዚያኑ ጎማ ለቢስክሌት ጫማ አዋለው። በ2011 አዲዳስ ገዝቶታል።

ብዙ በእግሩ ለሚሄድና ለጀማሪ ሰው ጠፍጣፋው ፔዳልና ጫማው የሚበልጥበት ምክንያት አለ። ሶሉ ብረት ስለሌለው በድንጋይ ላይ አያንሸራትትም፤ ከቢስክሌት ወርዶም ወደ ሻይ ቤት ወይም ወደ ሥራ ለመግባት ያመቻል። ረጅም ዳገት የሚወጣና እግሩ ከፔዳሉ እንዳይለይ የሚፈልግ ሰው ግን የማያያዣውን ይመርጣል።

ሶሉ የሚታጠፍበት ስፍራ

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ነገር የሶሉ ድርቀት ነው። ፔዳል የሚረገጠው ከእግር ጣቶች ሥር ባለው ወፍራም የመዳፍ ክፍል ነው። ሶሉ ልል ከሆነ በፔዳሉ ላይ ይታጠፋል፤ እግሩም ጫናውን ሁሉ በአንድ ስፍራ ስለሚቀበል ይደነዝዛል፣ ይቃጠላልም። ስለዚህ ፔዳሉ ደረቅ ሶል ይወዳል። የሚራመድ እግር ግን በእርምጃው ሁሉ በጣቶቹ መጋጠሚያ ላይ መታጠፍ አለበት፤ ሶሉ አልታጠፍ ቢለው ተረከዙ ከጫማው ይወጣል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ባቱም ይደክማል። ስለዚህ የሚራመድ እግር የሚታጠፍ ሶል ይወዳል። የተራራ ቢስክሌት ጫማ ጥበብ ሁሉ እነዚህን ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች ማስታረቅ ነው።

ሠሪዎቹ የሚያስታርቁት በሶሉ ውስጥ በሚያስገቡት ሳንቃ ነው። ለእሽቅድምድም በሚሠራው ጫማ ውስጥ ከተረከዝ እስከ ጣት ጫፍ የሚደርስ የካርቦን ሳንቃ ይገባል፤ ይህ ለመራመድ የሚመች አይደለም። ለሁለቱም በሚሆነው ጫማ ውስጥ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ የናይሎን ሳንቃ ሲሆን፣ ከተረከዙ ተነሥቶ ማያያዣው እስካለበት ስፍራ ጠንከር ይልና ከዚያ ወደ ጣቶቹ ሲሄድ እየለሰለሰ ይታጠፋል። አንዳንዶቹም በሳንቃውና በጎማው መካከል ለተረከዝ ምቾት የሚሆን ለስላሳ ስፖንጅ መሰል ነገር ይጨምራሉ።

ባለሱቁ ይህን ያለ ምንም መሣሪያ በእጁ ሊመረምር ይችላል። በአንድ እጁ ተረከዙን፣ በሌላው እጁ የጣቱን ጫፍ ይዞ ወደ ላይ ይጠፈው። ከጣቶቹ መጋጠሚያ ላይ በመጠኑ የሚታጠፍ፣ በመካከሉ ግን የማይሰበር ጫማ ለሁለቱም ሥራ የሚሆን ነው። በመካከሉ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ከሆነ ለፔዳል አይበጅም፤ ከየትም ስፍራ የማይነቃነቅ ከሆነም ለተወዳዳሪ ብቻ ነው። ብዙ ኩባንያዎች የሶሉን ድርቀት በቁጥር ይገልጣሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱን መለኪያ ስለሚጠቀም የአንዱን ቁጥር ከሌላው ቁጥር ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

ከድንጋይ ጋር የሚገናኘው ጎማ

በረባሶ የተጫማ ገበሬ በዳገት ላይ ሳይንሸራተት እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ ምክንያቱም ጎማ ድንጋይን ስለሚይዝ ነው። የተራራ ጫማ ሠሪዎችም የተማሩት ከዚሁ ነገር ነው። ቪታሌ ብራማኒ የተባለው የሚላኖ ሰው፣ በ1935 ስድስት ጓደኞቹ በአልፕስ ተራራ ላይ ከሞቱ በኋላ፣ ለተራራ የሚሆን ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ለመሥራት ተነሣ፤ በ1937ም ለሥራው የባለቤትነት መብት አገኘ። ቪብራም የሚለው ስም ከስሙና ከአባቱ ስም የተገኘ ነው፤ ዛሬ በብዙ የተራራና የቢስክሌት ጫማዎች ሶል ላይ ታትሞ ይታያል።

ጎማ ሲመረጥ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ለስላሳ ጎማ በእርጥብ ድንጋይ ላይ በደንብ ይይዛል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። ጠንካራ ጎማ ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ ነገር ግን ያንሸራትታል። በአንዳንድ የእሽቅድምድም ጫማዎች ላይ የሚታዩት ጥርሶች ከጎማ ሳይሆን ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ በጭቃ ውስጥ ቢጠቅሙም በድንጋይና በሴራሚክ ወለል ላይ አደገኞች ናቸው። በጥፍር ጫን ብሎ ማየት ልዩነቱን ያሳያል፤ ጎማው በመጠኑ ይሰረጉዳል፣ ፕላስቲኩ ግን አይበገርም።

የማያያዣ ብረቱ ጉድጓድ ጥልቀትም መመርመር አለበት። ማያያዣው ከታሰረ በኋላ ጫማው በጠፍጣፋ ባንኮኒ ላይ ሲቀመጥ ብረቱ ባንኮኒውን መንካት የለበትም። ከነካ፣ ተራማጁ በየእርምጃው ብረቱ ይንቋቋበታል፣ ያዳልጠዋልም፤ ብረቱም በድንጋይ ተፈግፍጎ ቶሎ ይበላሻል። ጎማው በአገልግሎት እየሳሳ ሲሄድ ብረቱ ወደ ውጭ መውጣቱ ስለማይቀር፣ መጀመሪያውኑ ጉድጓዱ ጠለቅ ያለውን መምረጥ ይሻላል።

ልክና ቁጥር

ከአስመጪዎች ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በቁጥር ስሕተት ነው። በአውሮፓ የጫማ ቁጥር አንዱ ቁጥር ከሌላው የሚለየው በሳንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም በ6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 42 ቁጥር ማለት ጫማው የሚሰፋበት ቅርጽ ርዝመት 28 ሳንቲ ሜትር ነው ማለት ነው፤ የእግሩ ርዝመት ግን ከዚህ ያንሳል። በእንግሊዝ ቁጥር ልዩነቱ የኢንች አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ መለኪያዎች በአንድ እርምጃ ስለማይሄዱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለውጥ ሰንጠረዥ ሁሉ ግምት አለበት፤ የአንዱ ኩባንያ 42 ከሌላው 42 ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አስመጪው ከማዘዙ በፊት የየቁጥሩን የእግር ርዝመት በሚሊ ሜትር እንዲገልጡለት ሻጩን ኩባንያ መጠየቅ አለበት።

ወርዱም እንደ ርዝመቱ ሊታሰብ ይገባል። የእሽቅድምድም ጫማ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ በልጅነቱ ባዶ እግሩን የሄደ ሰው ግን እግሩ ከፊቱ ሰፋ ይላል። ሰፊውን ዓይነት የሚያዘጋጁ ሠሪዎች ስላሉ፣ ገበያውን የሚያውቅ ነጋዴ አንዱን ክፍል ከዚያ ማዘዝ ይበጀዋል።

ማሰሪያውና ላዩ

ጫማው የሚታሰርበት መንገድ ሦስት ነው፦ ክር፣ የሚጣበቅ ጥብጣብና ቀጭን ሽቦ የሚያጠብቅ መዘውር። መዘውሩ ፈጣንና ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሲሰበር ራሱን መለዋወጫ ይጠይቃል፣ ያም ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። ክር ቢበጠስ ግን በማናቸውም ሱቅ ይገኛል። ስለዚህ ከከተማ ርቆ ለሚነዳ ሰው ክሩ አስተማማኝ ነው፤ የክሩ ጫፍ በሰንሰለቱ ውስጥ እንዳይገባ ግን በላዩ ላይ የሚሸፍነው ጥብጣብ ወይም የሚሸጎጥበት ኪስ ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ላዩን በተመለከተ፣ ውኃ የማያስገባ ተብሎ የሚሸጠው ጫማ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ወንዝ የሚሻገር ሰው ውኃው የሚገባበት ከላይ በቁርጭምጭሚቱ በኩል ነው፤ አንድ ጊዜ ከገባ ደግሞ ያው ውኃ የማያስገባው ሽፋን መልሶ አያስወጣውም። በክረምት ጭቃና በወንዝ ለሚሄድ ሰው ቶሎ ውኃውን አፍስሶ የሚደርቅ ጫማ ይበልጥበታል። የጣቱ ጫፍ ግን በማናቸውም ጊዜ ድንጋይ ሲመታው የሚከላከል ጠንካራ ሽፋን ሊኖረው ይገባል።

ስለ ማዘዝና ስለ ማከማቸት

አስመጪው ሊያስተውላቸው የሚገቡ ሌሎች ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ማያያዣ ብረቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፔዳሉ ጋር እንጂ ከጫማው ጋር አይደለም። የአንዱም ኩባንያ ማያያዣ ለሌላው ፔዳል ላይሆን ይችላል፤ ለምሳሌ የሺማኖና የክራንክ ብራዘርስ ማያያዣዎች በጫማው ቀዳዳ ላይ እኩል ቢገቡም በፔዳሉ ላይ አይለዋወጡም። ስለዚህ ጫማ የሚሸጥ ሱቅ የየዓይነቱን ማያያዣና ቡሎን ጨምሮ ቢያስመጣ፣ ደንበኛው ጫማውን ገዝቶ ለብረቱ ሌላ ሱቅ ፍለጋ አይሄድም።

2ኛ/ ሶላቸው ከፖሊዩሬቴን የተሠሩ ጫማዎች በመጋዘን ብዙ ዓመት ሲቆዩ፣ ምንም ሳይለበሱ፣ ከአየሩ እርጥበት የተነሣ ሶላቸው ይፈረፈራል። በርካሽ ዋጋ የሚቀርብ አሮጌ ክምችት ከመግዛቱ በፊት ነጋዴው ጫማው የተሠራበትን ጊዜ ይጠይቅ። የገባውንም ዕቃ በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ ያኑር፤ አስቀድሞ የገባውንም አስቀድሞ ይሽጥ።

3ኛ/ ብዙ ከማዘዙ በፊት አንድ ሁለት ጥንድ ናሙና አስመጥቶ፣ ቢስክሌት ለሚነዳ ሰው ሰጥቶ ጥቂት ሳምንት ማስሞከር፣ 40 ጥንድ አስመጥቶ ከመጸጸት የረከሰ ነው።

4ኛ/ ሶሉ ከላዩ ጋር በማጣበቂያ ብቻ ሳይሆን በስፌትም የተያያዘ ጫማ ቢላቀቅ በአገር ውስጥ ጫማ ሰፊ ሊጠገን ይችላል። ይህ ለገዥው ትልቅ ጥቅም ስለ ሆነ፣ ሲሸጥ ሊነገረው ይገባል።

ገዥው ሱቅ ሲገባ

ጫማ ለመለካት ጥሩው ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር በቀን ሥራ ጥቂት ያብጣልና። ገዥው ሲነዳ የሚያደርገውን ካልሲ አድርጎ፣ ሁለቱንም እግር ተጫምቶ ይቁም። ከዚያ በሱቁ ውስጥ ይመላለስ፤ ደረጃ ካለም ይውጣ፣ ይውረድም። ሲወጣ ተረከዙ ከጫማው የሚነሣ ከሆነ፣ ወይም ሲወርድ ጣቶቹ ከፊት ከጫማው ጋር የሚጋጩ ከሆነ፣ ያ ጫማ ልኩ አይደለም። «ሲለበስ ይሰፋል» ብሎ ማባበል አይገባም፤ ላዩ በመጠኑ ቢለጠጥም ሶሉ አይረዝምም።

ማያያዣውን ባለሱቁ ራሱ ቢያስርለት መልካም ነው። ብዙ ጊዜ ብረቱ የሚታሰረው በእግሩ ወፍራም መዳፍ ልክ ነው፤ የጫማው ቀዳዳ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚያስኬድ ገዥው ከሞከረው በኋላ ሊያስተካክለው ይችላል። ቡሎኖቹ በሚገባ መጥበቅ አለባቸው፤ ሺማኖ ለዚህ ያወሰነው ኃይል ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ነው። ቡሎኑ የላላ እንደ ሆነ፣ ነጂው ለመውረድ ተረከዙን ሲያዞር ጫማው ብቻ ይዞርና ብረቱ በፔዳሉ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ ሰውየውም ከነቢስክሌቱ ይወድቃል። የቡሎኑን መጥበቅ ለማረጋገጥ የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ይህን ያላደረገ ሻጭ ግን ለደንበኛው የሸጠለት ጫማ ሳይሆን አደጋ ነው።

በመጨረሻም ባለሱቁ ገዥውን አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፦ «ከምትነዳበት ቀን ስንቱን ሰዓት በእግርህ ትሄዳለህ?» ምንም አልሄድም የሚል ተወዳዳሪ ደረቁን ይውሰድ። አንዳንድ ዳገት ላይ ወርጄ እገፋለሁ የሚል፣ ሁለት ቡሎን የሚገባበት፣ ከጣቱ ላይ የሚታጠፍና ጥርሱ ከጎማ የተሠራ ጫማ ይሰጠው። ግማሹን ቀን በእግሬ እሄዳለሁ ወይም ጫማውን ለከተማም እፈልገዋለሁ የሚል ከሆነ፣ ለጠፍጣፋ ፔዳል የተሠራው ይበጀዋል። ይህ የመጨረሻው ጫማ ብዙ ጊዜ ከእሽቅድምድሙ ጫማ በዋጋ ያንሳል፤ ባለሱቁም ከዚያ ሽያጭ የሚያገኘው ትርፍ ያንስ ይሆናል። ነገር ግን ከተራራ በደኅና የተመለሰ ደንበኛ በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣው ብቻውን አይደለም፤ ጓደኛውን አስከትሎ ነው። የንግድ ሰው ዋና ሀብቱም ይህ እምነት ነው።